«የመረብ መረብ» ይቅር፤ ቅብብል መረብ እንበል

«የመረብ መረብ መስቀለኛ ነጥቦች ሲዋቀሩ መላ ስለመፈለግ።» ይህ በቅርቡ እጄ የገባ የአንድ መመሪያ ምዕራፍ ርእስ ነው። መመሪያው የተጻፈው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሰፈር ዋይፋይ አንቴና ለሚያስር ሰው ነው። አማርኛ አፉን የፈታበት ቴክኒሻን እንኳ ከዚህ ርእስ የሚጨብጠው ነገር የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ፈልጎ ያነባል፤ በልቡም «አማርኛ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። የሚያናድደኝ ይህ ድምዳሜ ነው። ቋንቋው የጎደለው ነገር የለም፤ የጎደለው ቃሉን የሚመርጠው ሰው ትዕግሥት ነው።

ስሕተቱ እንዴት እንደተወለደ መገመት አይከብድም። ለ«ኔትወርክ» መረብ ማለት ከጀመርን ቆይተናል። በይነመረብ፣ አውታረ መረብ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት እያልን ቃሉን ከዓሣ አጥማጁና ከግብ ጠባቂው ተውሰን ለኮምፒውተር ሰጠነው፤ ደግ አደረግን። ከዚያ «ሜሽ» የሚባል መጣ። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ቢገልጥ ለእሱም መረብ የሚል ፍቺ አገኘ። ሁለቱን አጋጠመና «የመረብ መረብ» አለ። ለየብቻቸው ትክክል የሆኑ ሁለት ቃላት አንድ ላይ ሲቆሙ ምንም ሳይናገሩ ቀሩ።

ነገሩ ራሱ ለአንባቢ ብዙም እንግዳ አይደለም። በተለመደው ዋይፋይ ሁሉም ስልክ ከአንድ ራውተር ጋር ይነጋገራል፤ ራውተሩ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ። በሜሽ ግን በየጣሪያው ያለው መሣሪያ ለጎረቤቱም ይሠራል፤ አንዱ ቢጠፋ መልእክቱ በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል። በርሊን ላይ ፍራይፉንክ የተባሉ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰፈሮችን በዚህ መንገድ አገናኝተዋል፤ ባትማን የተባለው መንገድ ፈላጊ ፕሮቶኮልም የወጣው ከእነሱ ነው። በኒው ዮርክ ሬድ ሁክ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ መብራትና ስልክ ሲያቋርጥ፣ ቀደም ብሎ የተተከለ ትንሽ የሰፈር መረብ ለነዋሪው ደርሷል። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ፣ ማንኮሲ በተባለ ገጠር ደግሞ ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የራሳቸውን መረብ ያስተዳድራሉ፤ ስሙ ዜንዜሌኒ ነው፤ በኮሳ ቋንቋ «ራሳችሁ ሥሩት» እንደማለት። ፍራይፉንክም በጀርመንኛ «ነፃ ራዲዮ» ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ሥራውን ሲጀምሩ በገዛ አፋቸው ሰየሙት።

ወደ እኛ ልመለስ። ከ«የመረብ መረብ» ሌላ የሚሰነዘሩ አማራጮች አሉ። «ጥልፍልፍ መረብ» የሚሉ ሰዎች ቢያንስ ዓይናቸውን ገልጠው ነገሩን አይተዋል፤ የመረቡ ካርታ ላይ መሥመሮቹ በእርግጥ ተጠላልፈው ይታያሉ። የቀሚስ ጥልፍ የሚወጣበት ሥርም ያው ጠለፈ ነው፤ ውብ ሥር ነው። ግን ጠለፈ ሌላም ፊት አለው። ልጃገረድ ትጠለፋለች፣ አውሮፕላን ይጠለፋል፣ ስልክም ይጠለፋል። ጎረቤትን «ጣሪያህ ላይ አንድ መሣሪያ ልትከል» ብሎ ማሳመን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሰውዬው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የእኔን ነገር ማን ያየዋል?» ብሎ ነው። ጠለፋ የሚል ሥር ያዘለ ስም ለዚያ ጥያቄ ክፉ ጠበቃ ነው።

«ድር»ን የሚወዱም አሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስለሚባል ነው። ይሁንና ድርን ድረ ገጽ ቀድሞ ወስዶታል። የሸረሪት ድር ደግሞ መሐል አለው፤ መሐሉም ላይ ባለቤት ተቀምጧል። የምንሰይመው መረብ ዋና ጠባዩ መሐል የሌለው መሆኑ ነው። «ደቦ መረብ» የሚለውን ስሰማ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ግን ደቦ ማን እንደሠራው እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አይናገርም፤ አንድ ሀብታም ለግቢው ብቻ ሦስት መሣሪያ ገዝቶ ቢተክል ያም ያው ዓይነት መረብ ነው፤ ደቦ ግን የለበትም። «ሜሽ» ብለን እንተወው ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ራውተርና አንቴና ገብተው ተላምደዋል፤ ባዕድ ቃል አልጠላም። ሜሽ ግን ግሥ አይወልድም፤ ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ግሥ ነው።

እኔ የምደግፈው «ቅብብል መረብ» የሚለውን ነው። ሥሩ ቀ፣ በ፣ ለ ነው። ተቀበለ እንላለን፤ አቀበለ እንላለን፤ ማዕድ ላይ «ጨው አቀብለኝ» እንላለን፤ ግንበኛው ከፎቅ ሆኖ ድንጋዩን ከሥር ከሚያቀብለው ሠራተኛ ይቀበላል። ድርጊቱ ሲደጋገምና በብዙዎች መካከል ሲመላለስ መካከለኛው ፊደል ይደገምና ተቀባበለ ይሆናል፤ ስሙም ቅብብል። ተለዋወጠ ልውውጥን፣ ተመላለሰ ምልልስን እንደሰጡን ሁሉ ማለት ነው። ፊደሏን በመድገም ብቻ ቋንቋው «እርስ በርስ፣ ደጋግሞ፣ በብዙ እጅ» የሚለውን ሁሉ ተናገረ። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ሌላ ቃል መጨመር አለበት፤ አማርኛ በሥሩ ውስጥ ይዞታል።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ዱላ ቅብብል አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው፤ ተራው የታወቀ ነው፤ አንዱ ሯጭ ከወደቀ ውድድሩ አበቃ። ትክክል ነው። ግን ስለ ኳስ ቅብብል እናስብ። ኳሷ የምትሄደው ነፃ ወደሆነው ተጫዋች ነው፤ አንዱ ሲሸፈን በሌላው በኩል ትዞራለች፤ የሰጠው ተመልሶ ይቀበላል። ባትማን የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ የትኛው ጎረቤት በደንብ እንደሚያደርስ ሳያቋርጥ ይመዝናል፤ መንገዱን በዚያ ይመርጣል።

የቃሉ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው አዲስ የተተከለው መሣሪያ አልሠራ ሲል ነው። መብራቱ በርቷል፣ የዋይፋዩ ስም ስልክ ላይ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ጀማሪ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነካካል፤ ያጠፋል ያበራል፣ የይለፍ ቃል ይቀይራል፣ አንቴና ያዞራል፤ በኋላ የትኛው እንዳበላሸው የትኛው እንዳቀናው አያውቅም። ቅብብል የሚለውን ቃል የያዘ ሰው ግን ሁለት ጥያቄ አለው፦ ይቀበላል? ያቀብላል?

መቀበል ማለት ጎረቤቱን መስማት ነው። መሣሪያው ውስጥ የጎረቤቶች ዝርዝር አለ፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ስለ ኢንተርኔት ለማሰብ ገና ነው። ባዶ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ነገር ነው። የመረቡ መለያ ስም በሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል እንኳ ይለያል። የይለፍ ቃሉም እንደዚያው። ቻነሉ ደግሞ አንዱ 6 ላይ፣ ሌላው 11 ላይ ከሆነ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም አይተዋወቁም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። ያው አንድ ራዲዮ ከሌላ ዋይፋይ ኢንተርኔት እንዲወስድ ከታዘዘ የዚያን ዋይፋይ ቻነል ተከትሎ ይሄዳል፤ እኛ 6 ብለን ጽፈን መሣሪያው 11 ላይ ይገኛል። መታየት ያለበት እኛ የጻፍነው ሳይሆን መሣሪያው አሁን ያለበት ነው።

ጎረቤት አለ፣ ሲግናሉም ደህና ነው፣ ግን ምንም አያልፍም ከተባለ ማቀበሉ ላይ እንከን አለ። ዋይፋይ ራሱ 802.11ኤስ በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በጸደቀው ደረጃ መሠረት የራሱ ማቀበያ አለው። ባትማንን ከላዩ ስንጭን በአንድ መንገድ ላይ ሁለት አቀባይ ቆመ ማለት ነው። የዋይፋዩን ማቀበያ ዘግቶ ሥራውን ለባትማን ብቻ መተው ይገባል። ሌላም አለ፤ ባትማን በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን ማስታወሻ ስለሚለጥፍ 1500 ባይት ሆኖ የመጣው እስከ 1532 ይደርሳል። ከሥር ያለው መሥመር 1500 ብቻ እንዲያሳልፍ ከተወሰነ ትንንሹ ያልፋል፤ ትልልቁ ይቆራረጣል ወይም ይወድቃል። ምልክቱ ፒንግ የተባለው ትንሽ የሙከራ መልእክት እየተመለሰ ገጽ አልከፈት ማለቱ ነው። አንድ ጀማሪ ጣሪያ ላይ ሆኖ «ትንሹን ያቀብላል፣ ትልቁን አያቀብልም» ብሎ በስልክ ከነገረኝ እንከኑ የት እንዳለ ግማሹን ነግሮኛል። «የመረብ መረቡ ችግር አለበት» ቢለኝ ግን ምንም አልነገረኝም።

የፍጥነቱም ነገር ከቃሉ ይነበባል። አንድ ራዲዮ ብቻ ያለው መሣሪያ እየተቀበለ ማቀበል አይችልም፤ ተቀብሎ ነው የሚያቀብለው። ስለዚህ መልእክቱ አንድ መሣሪያ ባለፈ ቁጥር ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። «ለምን እኔ ጋ ሲደርስ ይንቀረፈፋል?» ለሚል ጎረቤት በዚሁ ግሥ ማስረዳት ይቻላል።

በምዕራፉ ርእስ ላይ ያለው «መላ መፈለግ»ም አይመቸኝም። መላ የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት እንከኑ የት እንዳለ መታወቅ አለበት። «ብልሽት ፍለጋ» እንዳንል፣ ገና ከካርቶኑ የወጣ መሣሪያ አልተበላሸም፤ በትክክል አልተዋቀረም እንጂ። «እንከን ፍለጋ» ደግሞ ሰውን የሚያብጠለጥል ነቃፊ ይመስላል። «እንከን አሰሳ» ብንል ይሻላል። አሰሳ ጫካውን ከዳር እስከ ዳር፣ ክፍል በክፍል መፈተሽ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው።

በመረቡ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተሰጠውን «መስቀለኛ ነጥብ»ንም አልቀበልም። በመረቡ ጠርዝ ላይ አንድ ጎረቤት ብቻ ያለው መሣሪያ ምኑ ላይ ነው መስቀለኛው? ቋጠሮ የሚሉም አሉ፤ ቋጠሮ ግን የተዘጋ ነገር ነው፤ እስኪፈታ ይጠበቃል። የሸንበቆና የቀርከሃ መገጣጠሚያ አንጓ ይባላል፤ አጭር ነው፣ አንጓዎች ተብሎ ይበዛል፣ አዲስ ቅርንጫፍም የሚያቆጠቁጠው ከአንጓ ላይ ነው። የምዕራፉ ርእስ እንግዲህ «የቅብብል መረብ አንጓዎች አተካከልና እንከን አሰሳ» ተብሎ ሊታረም ይችላል።

የቀረችኝ ጌትዌይ ናት፤ መረቡ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣባት አንጓ። «መግቢያ በር» ተብሎ እየተጻፈ ነው፤ ከሰፈሩ በኩል ላየው ግን የሚወጣባት ናት፤ ከውጭ ላየው የሚገባባት። በር ብቻ ብንላት ሁለቱንም ትይዛለች። አንድ ሰፈር ሁለትና ሦስት በር ሊኖረው ስለሚችል ግን በር አንድ፣ በር ሁለት እያልን በቁጥር መለየት ይኖርብናል፤ በእንከን አሰሳ ጊዜም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አንጓው ወደ የትኛው በር እያቀበለ እንደሆነ ነው።