ባዶው ዓምድ፦ የሲምፕሰን አኃዞችና የትንንሽ ሆስፒታሎች መዝገብ



የንግግሬ መነሻ አንድ የቆየ ስሌት ነው፤ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ1847 ክሎሮፎርምን ለምጥ ማደንዘዣነት በማዋል የታወቀው የኤድንብራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን፣ በ1869 አንድ የማይመች ጥያቄ አነሣ። እጁ ወይም እግሩ የሚቆረጥ ሰው በትልቅ ሆስፒታል ቢታከም ይሻለዋል ወይስ በገጠር ጎጆው? ለገጠር ሐኪሞች መጠይቅ ልኮ መልሳቸውን ከሆስፒታሎች አኃዝ ጋር አስተያየ። በሆስፒታሎቹ ከ2,089 ሕሙማን 855 ሞተዋል፤ በገጠር ከ2,098 የሞቱት 226 ነበሩ። በአንድ ወገን 41 ከመቶ፣ በሌላው 11 ከመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ሲምፕሰን ይህን «ሆስፒታሊዝም» አለው፤ ሕሙማን በአንድ ጣሪያ ሥር በበዙ መጠን ሞትም እንደሚበዛ ተከራከረ።

ተቺዎቹ ወደ ከተማ ሆስፒታል የሚመጣው የከፋው ጉዳት ነው አሉ። ትችቱ ተገቢ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ትልቁ ሆስፒታል ሟቾቹን በመዝገብ ይቆጥራል፣ ብቻውን የሚሠራ የገጠር ሐኪም ግን የሞተበትን ሁሉ ላያስታውስ ይችላል። አነስተኛ አኃዝ የንጽሕና ምልክት ነው ወይስ የመዝገብ ጉድለት?

ይህ ጥርጣሬ ወደ እኛም ዘመን ይከተለናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ትንሽ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መዝገብ ሳገላብጥ፣ የቁስል ኢንፌክሽን የሚጻፍበት ዓምድ ወሩን ሙሉ ባዶ ነበር። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቁስሉ የሚያመረቅዘው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። በአቅራቢያዋ ባለ ጤና ጣቢያ ፋሻ ይቀየርላታል፤ የወለደችበት ሆስፒታል መዝገብ አያውቃትም።

በ1970ዎቹ በአሜሪካ የተካሄደው፣ ሴኒክ የተባለው ጥናት ውጤት በ1985 ሲታተም፣ ብርቱ ቅኝትና ቁጥጥር ከሆስፒታል ወለድ ኢንፌክሽን ሲሶ ያህሉን ሊያስቀር እንደሚችል አሳየ። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ለ250 አልጋ አንድ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ነርስ ነበር። ሃምሳ አልጋ ላለው ሆስፒታል ይህ የአንድ ነርስ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። አንድ አምስተኛ ሰው ደግሞ አይቀጠርም፤ ሥራው ሌላ ሥራ ለበዛባት ነርስ ይደረባል።

ስሌቱም ራሱ ያታልላል። በወር ሃያ ቀዶ ሕክምና በሚደረግበት ቦታ አንድ ኢንፌክሽን 5 ከመቶ፣ ሁለት ደግሞ 10 ከመቶ ነው። እጥፉ የወረርሽኝ መጀመሪያም፣ ተራ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ ከወሩ መቶኛ ይልቅ እያንዳንዷን ታካሚ እስከ ሠላሳኛው ቀን መከተል ይበጃል ባይ ነኝ፤ ለዚህም ቤተ ሙከራ ሳይሆን ስልክና እስክሪብቶ ይበቃል።

ይህንኑ ለዚያ ሆስፒታል ነርስ ስነግራት፣ መዝገቡን ወደ እኔ አዙራ የታካሚ ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ እንደሌለው አሳየችኝ።