ሁለተኛው ሰው

ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ የዓመት በዓል ማታ ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት በር ላይ እንጋፋ ነበር። ሻይ ያዘዘ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኛ ልጆቹ በመስኮት እናያለን። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ብቅ ሲሉ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ቡሬ ገጠር አያቶቼ ዘንድ ግን መብራት አልነበረም። ያየሁትን ይዤ እሄድና ከአጎቴ ልጅ ጋር ከብት ስንጠብቅ እንጫወተዋለን። ታዲያ ዘወትር የሚያጣላን አንድ ነገር ነበር፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚለውን ሰው መሆን የሚፈልግ የለም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በ1980ዎቹም አገር የሚያየው ያንኑ አንድ ጣቢያ ነበርና፣ ማታ የተቀለደው ጠዋት በገበያተኛው አፍ ላይ ይገኛል። ደረጀና ሀብቴ፣ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ የነገሡት በዚያ ዘመን ነው። ወጪውም ቀላል ነበር፤ ሁለት ሰውና አንድ መድረክ ይበቃል።

መቼም ነገሩን ከሎሬልና ሃርዲ ፊልም የተቀዳ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ዘመዱን በበላ ልበልሃ አየዋለሁ። በዚያ የጥንት ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛና በተሰብሳቢ ፊት ቆመው በግጥም ይረታታሉ። ሰዉ ጆሮውን የሚያቆመው ለፍርዱ ብቻ አይመስለኝም፤ ለምላሹም ጭምር ነው። መላሽ ከሌለ ተናጋሪው ምን ያደርጋል? ሙግቱ በጽሑፍ ሲሆን ያ ጨዋታ ደከመ።

የቴሌቪዥኑም ጥንዶች እንዲሁ ተበተኑ። አለባቸው በኋላ «አለቤ ሾው»ን ይዞ ለብቻው መጣ። ዝግጅቱ ተወደደ፤ ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን በልመነህ ቦታ እንግዳው መቀመጡን ያስተውላል። አለባቸው በ1990ዎቹ በመኪና አደጋ አረፈ። ከዚያ ወዲህ የሳተላይት ሳህኑ በዛ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣ። እንደ «ቤቶች» ያሉት ተከታታይ ኮሜዲዎችም ሳቁን ለአንድ ቤተሰብ ሙሉ አከፋፈሉት። ለእነርሱ ክፋት የለኝም፤ ሆኖም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዝም ብሎ የሚያስቀውን ፈልጌ አጣዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ቡሬ መናኸሪያ አንድ ወጣት ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይቀርጻል። ሻሽ ሲያስር ሚስት ነው፤ ሲፈታ ባል። ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። አውቶቡሱ እስኪሞላ አየሁት። አንድ ቦታ ላይ ምላሹ ጠፋበትና ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ።