«የጸደቀ»
በግእዝ «ጸድቀ» ማለት እውነተኛ ሆነ፣ ትክክል ሆነ ማለት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ተመሥርቶ በበጎ ፈቃደኞች በሚዘጋጀው የዓለም ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ዘንድ ግን፣ አዲስ መለያ፣ ማለትም በካርታው ላይ ያለ ነገር ምን እንደ ሆነ የሚገልጽ ቃል፣ «ጸደቀ» የሚባለው አሳቢው ትርጓሜውን ጽፎ ለማኅበሩ ካቀረበ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ምክር ከተሰማበትና ሌላ ሁለት ሳምንት ድምፅ ከተሰጠበት በኋላ፣ ከተሰጠው ድምፅ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ሲደግፈው ነው። ይሁን እንጂ ማንም የመሰለውን መለያ ይጽፍ ዘንድ ሥልጣን ስላለው፣ ድምፅ ያልተሰጠበት በብዙዎች እጅ ተደጋግሞ በልማድ ሲጸና፣ የጸደቀው ደግሞ የሚጠቀምበት አጥቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ማኅበር ጽድቅ የጉባኤ ምስክርነት እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ይህም ሥርዐት ምክርን ከነጻ ፈቃድ ጋር አስማምቶ ስለሚይዝ፣ ሊከበርና ሌሎች ማኅበራትም ሊማሩበት የሚገባ ነው።