በጥምቀት ሰሞን የመጣ ዋንጫ

  በዚህ እትም ስለ ኢቃማ ወይም ስለ ሐዋላ አልጽፍም። ስለ ኳስ ነው የምጽፈው። ኳስ የማይወድ ሰው ግን ገጹን እንዳይገለብጠው፤ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል።

የምሠራበት ቤት ትንሹ ልጅ 11 ዓመቱ ነው፤ የለየለት የሂላል ደጋፊ ነው። እዚህ ሪያድ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በ2016 ዓ.ም (በፈረንጅ 2024) ሂላል 34 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የዓለም ሪከርድ ሰበረ፤ ሊጉንም አንድ ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨረሰ። ልጁ ያንን ዓመት ዛሬም ያወራዋል። አንድ ቀን እራቱን እያቀረብኩለት፣ «የእናንተ ሀገር ዋንጫ በልቶ ያውቃል?» አለኝ። «እኛ ሩጫ ነው የምናውቀው» ብዬ ሳቅ አልኩና ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ሳህን እያጠብኩ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ አስረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ታሪክም ተምሬያለሁ፤ ይህንን ግን በእርግጠኝነት መመለስ አልቻልኩም።

ማታ ለአባቴ ደወልኩለት። «አባዬ፣ ኢትዮጵያ በኳስ ዋንጫ በልታ ታውቃለች እንዴ?» ስለው ስልኩ ውስጥ ሳቀብኝ። «እንዴ! የሃምሳ አራቱን አታውቂም?» አለኝ። እሱ ያኔ ሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ በሰፈራቸው ሬዲዮ ያለው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ሽማግሌው ሁሉ እዚያ በር ላይ ተኮልኩሎ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ በስልኬ እያነበብኩ ያገኘሁትን ነው ለእናንተ የማካፍለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዋንጫው አምስት ዓመት በፊት ነው። በ1949 ዓ.ም (በፈረንጅ 1957) ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት መሥራቾቹ አራት ሀገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የዚያኑ ጊዜ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ካርቱም ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስላለች ወጣች። እኛ መጀመሪያ የምንገጥመው እሷን ስለነበር ሳንጫወት ፍጻሜ ደረስን። ፍጻሜው ላይ ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ-ዲባ የሚሉት። በ1951 ዓ.ም ደግሞ ካይሮ ላይ ሁለተኛው ዋንጫ ተደረገ። እዚያም ግብፅ 4 ለ 0፣ ሱዳን 1 ለ 0 አሸነፉን። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከግብፅ ጋር ሁለት ጊዜ ገጥመን ስምንት ጎል ገብቶብን አንድም አላገባንም።

ሦስተኛው ዋንጫ የእኛ ተራ ሆነና አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። ጊዜው ቀላል አልነበረም። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተደረገ ገና አንድ ዓመት ነው ያለፈው፤ ከተማው የተኩሱን ድምፅ አልረሳውም። በዚህ ላይ ነው ጥር 1954 እንግዶቹ የገቡት። ቡድኖቹ አራት ነበሩ። እኛ በአዘጋጅነት፣ ግብፅ በሻምፒዮንነት በቀጥታ ገባን፤ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ደግሞ በማጣሪያ አልፈው መጡ። ዩጋንዳ ያኔ ገና በእንግሊዝ ሥር ነበረች፤ ነፃነቷን ያገኘችው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ግብፅም በስሟ አልመጣችም፤ ከሶርያ ጋር ተዋህዳ በነበረበት ጊዜ የያዘችውን «የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ» የሚለውን ስም ይዛ ነው የተጫወተችው።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሳቸው ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። እሑድ ጥር 6 ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 10፣ በከተራው ዕለት፣ ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች። ጥር 11 ጥምቀት። ጥር 12 ቃና ዘገሊላና ሚካኤል፤ በዚያን ቀን ቱኒዚያ ዩጋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛ ወጣች። ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ሆነ። እስቲ አስቡት፤ ታቦቱን ሸኝቶ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሲጨፍርና እስክስታ ሲወርድ የሰነበተ ሕዝብ ነው በበዓሉ ማግስት ስታዲየም የሚገባው።

ስታዲየሙ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ስታዲየም የምንለው፣ ከመስቀል አደባባይ ዝቅ ብሎ ያለው ነው። ከመካከላችን ቪዛ ልትጠይቅ ወይም ኤጀንሲ ፍለጋ አዲስ አበባ የሄደች በዚያ አጠገብ ሳታልፍ አትቀርም። እኔም ፓስፖርት ላወጣ የሄድኩ ጊዜ በአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ዳቦ በልቻለሁ። ምን እንደተደረገበት ግን አላውቅም ነበር።

አሁን ጨዋታው። ንጉሡ ተገኝተዋል። የእኛ አሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ፣ 35ኛው ደቂቃ ላይ፣ የግብፁ ባዳዊ አገባ። 1 ለ 0። ሕዝቡ «ያው እንደለመድነው» ሳይል የቀረ አይመስለኝም። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ተክሌ ኪዳኔ አገባና አቻ ሆንን። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው፤ 75ኛው ላይ ያው ባዳዊ ደገመው። 2 ለ 1።

እዚህ ላይ አባቴ ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። 40 ደቂቃ ያህል ስትመራ ቆይተህ፣ ስንት ለፍተህ አቻ ሆነህ፣ ወዲያው ሲደግሙህ አንጀት ይበጥሳል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚለቀው። እነሱ አልለቀቁም። 84ኛው ደቂቃ ላይ አምበሉ ሉቺያኖ አገባ፤ 2 ለ 2። 90 ደቂቃው አለቀና ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። 101ኛው ደቂቃ ላይ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ አገባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ መራን። 117ኛው ላይ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጥሮ ዘጋው። 4 ለ 2። መንግሥቱ በዚያ ውድድር 3 ጎል አግብቶ ከባዳዊ ጋር እኩል ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ስምንት ጎል የገባብን ቡድን ላይ አራት አገባን፣ ዋንጫውንም ንጉሡ ለሉቺያኖ አስረከቡት።

ከጨዋታው ይልቅ እኔን የገረመኝ እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ የሚለው ነው። ሉቺያኖና ኢታሎ የአስመራ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። ኤርትራ ያኔ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስለነበረች ከአስመራ የመጡት ተጫዋቾች ጥቂት አልነበሩም። ሉቺያኖ በወጣትነቱ መካኒክ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ለድሬዳዋው የኮተን ፋብሪካ ክለብ ተጫወተ። የፋብሪካ ክለብ ማለት ያው የሠራተኛ ክለብ ማለት ነው። ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ጊዜ ገና 26 ዓመቱ ነበር፤ ቁስሉ ያልዳነለት ሰው ብዙ ነው። የጣሊያን ስም የያዘ ልጅ ግን የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ከንጉሡ እጅ ዋንጫ ተቀበለ። ቀላል ነገር ነው? አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ ጅማ ነው የተወለዱት፤ ራሳቸውም ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙ ዓመት ተጫውተዋል። በኋላ ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በዘር የምትከፋፍለው ደቡብ አፍሪካ ወደ ኳሱ እንዳትመለስ ሲታገሉ ኖረው በ1979 ዓ.ም አረፉ።

ይህንን ለምን አነሳሁ? ባለፈው ለታመመችው እህታችን በዋትሳፕ መዋጮ ስንሰበስብ አንዷ «የየት ሀገር ልጅ ናት?» ብላ ድምፅ ላከች። እግዜር ይመስገን መዋጮው ሞልቷል። ጥያቄው ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ማን እንደሆነች አልናገርም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ እንደዚያ ብዬ የጠየቅኩበት ቀን አለ። እዚህ ማዳም በር ስትዘጋ የጎንደሯንም የወሎዋንም የጅማዋንም የአስመራዋንም እኩል ነው የምትዘጋው። ያ ቡድን ውስጥ ተክሌ አቻ ሲያደርግ፣ ሉቺያኖ ሲደግም፣ መንግሥቱ ሲዘጋው፣ ስታዲየም ውስጥ «የየት ነው?» እያለ የጨፈረ ያለ አይመስለኝም።

የሉቺያኖ ታሪክ መጨረሻው ደግሞ ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ደርግ ከመጣ በኋላ በ1970 ዓ.ም ሀገር ጥሎ ተሰደደ፤ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ጣሊያን ገባ። ከእናንተ መካከል በጅቡቲ በኩል፣ በኦቦክ አሸዋ ላይ አድራችሁ በጀልባ የመጣችሁ አላችሁ፤ ያ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ዋንጫውን በእጁ ያነሳ አምበል ያንኑ አቅጣጫ ይዞ ወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ጻፈ። የመጽሐፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» ማለት ነው። ይህንን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ደመወዝ ተቀብላ ሐዋላ ቤት ተሰልፋ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ለእናቷ በስልክ ያነበበች ሁሉ የዚህ ርዕስ ትርጉም ይገባታል። ሉቺያኖ መስከረም 2015 ዓ.ም በሰው ሀገር፣ ሮም ላይ አረፈ። መንግሥቱ ወርቁ ከእሱ ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 2003 አርፏል።

ከዚያ ወዲህ ዋንጫ አልደገምንም። በ1956 ጋና ላይ፣ በ1960 ደግሞ እዚያው በሀገራችን አራተኛ ወጣን። በ1974 ሊቢያ ከተደረገው ውድድር በኋላ 31 ዓመት ሙሉ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሳንገባ ቀረን። በጥቅምት 2005 በሰውነት ቢሻው ጊዜ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ስናልፍ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ነበሩ ያገቡት፤ ያንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን ነበር፤ ከሜዳችን ውጪ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች ናቸው ያሳለፉን። በ2014 ካሜሩን ላይም ገብተናል። ከምድብ ግን ሁለቱንም ጊዜ አላለፍንም።

በማግስቱ ለልጁ ነገርኩት። «በልታለች፤ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ» አልኩት። አላመነኝም፤ ታብሌቱን ከፍቶ ፈለገና አገኘው። ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና «ሁለት ጊዜ ተመርታችሁ?» አለ። «አዎ፣ ሁለት ጊዜ» አልኩት።

እናንተም ልጆች ያሉበት ቤት የምትሠሩ፣ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አይቀርም። እንደ እኔ ስቃችሁ ማድ ቤት አትግቡ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በሉ። የተክሌን፣ የሁለቱን ወንድማማቾችና የመንግሥቱን ስም ጥሩ። የታመመችው እህታችንም ተሽሏት ወደ ሥራ ተመልሳለች፤ «ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ» ብላችኋለች። ከየት እንደሆነች አልጻፍኩም።