«ጠጥተህ ነድተሃል» ተብሎ ለተፈረደበት ሰው፦ በማስረጃ ማነስ ይግባኝ እንዴት ይባላል?

ሐርጌሳ ውስጥ በመሪ እንጀራ የሚበሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ የሰው መኪና ተቀጥሮ የሚነዳ አለ፣ ዕቃ የሚያመላልስ አለ። ከእነዚህ አንዱ ማታ ላይ ተጋጨ እንበል። ፖሊስ ይመጣል፣ «አፍህ ይሸታል» ይባላል። ሶማልኛ በደንብ አይችልም። የማያነበው ወረቀት ይሰጠዋል፣ ይፈርማል። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ቅጣት። ከወጣ በኋላ ለሰው ሁሉ «እኔ እኮ አልሰከርኩም ነበር» ይላል። ይህ ቃሉ ግን መዝገቡ ላይ የለም።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዋናነት የሚያየው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ላይ ያልገባ እውነት በይግባኝ ጊዜ አቅም የለውም። ስለዚህ በማስረጃ ማነስ የሚቀርብ ይግባኝ የሚጀምረው ከፍርዱ በኋላ ሳይሆን በተያዙበት ሌሊት ነው።

ሁለቱን ነገር ለዩ፦ መጠጣትና ሰክሮ መንዳት

ሀገር ቤት መጠጣት ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ከልክ በላይ ጠጥቶ መንዳት ነው። በኢትዮጵያ የተቀመጠው ልክ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው። ክርክሩም «ከልኩ አልፏል ወይስ አላለፈም?» የሚል ይሆናል።

ሶማሊላንድ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ አልኮል መሸጥም መጠጣትም የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የሶማሊያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እዚህም ይሠራበታል፣ እሱም ስለ መጠጥ የሚቀጣ ክፍል አለው። ስለዚህ አንድ ሹፌር ሲያዝ ሁለት ጥያቄ አብሮ ሊነሳበት ይችላል፤ አንደኛው ጠጥቷል ወይ፣ ሁለተኛው ሲነዳ ሰክሮ ነበር ወይ። «ትንሽ ነው የቀመስኩት» ብሎ መመለስ ሁለተኛውን የሚያቀልል ይመስላል፣ ግን በአንደኛው ላይ ራስን መክሰስ ነው። በየትኛው ጉዳይ እንደተከሰሳችሁ ሳታውቁ ምንም መልስ አትስጡ።

ስካር መረጋገጡ ቅጣቱን ምን ያህል እንደሚቀይር ለማየት የሀገር ቤቱ ሕግ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት፣ እንደ ሹፌር የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት አለበት። ራሱን በመጠጥ አስክሮ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ስለዚህ «ሰክሮ ነበር» የምትለዋ ቃል አሥር ዓመት ልትጨምር ትችላለች። እንዲህ የምትከብድ ቃል በግምት ልትጻፍ አይገባም።

ምን ዓይነት ማስረጃ ይቀርባል? የቱ ጋ ይደክማል?

ሽታ። የአፍ ሽታ ሰውየው አልኮል ቀምሶ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ይፈጥራል። ስንት እንደጠጣ ወይም መንዳት አቅቶት እንደነበር ግን አይናገርም። አንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫም አልኮል አለበት። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን ሲያጣ ትንፋሹ የፍሬ ዓይነት ሽታ ይኖረዋል፣ ይህን ከመጠጥ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው።

ሁኔታ። «ዓይኑ ቀልቷል፣ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ተሳስሯል» የሚል የፖሊስ ቃል በብዛት ይቀርባል። ዓይን በአቧራ፣ በጫትና በእንቅልፍ እጦትም ይቀላል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል። በግጭቱ ጭንቅላቱን የተመታ ወይም የሚጥል በሽታ ይዞት የተነሳ ሰውም እንዲሁ ነው። ቋንቋውን የማይችል ሰው ደግሞ ጥያቄ ሲጠየቅ መንተባተቡ ያለ ነው፤ መንተባተብ ስካር አይደለም።

የትንፋሽ መለኪያ። መሣሪያው ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን በሥርዓቱ ከተሠራበት ነው። ሰው ገና ጠጥቶ፣ አግስቶ ወይም አፉን ተጉመጥምጦ ከሆነ አፍ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ከመለካቱ በፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ መጠበቅ ያለበት። መሣሪያው መቼ ተፈትሾ እንደተስተካከለ፣ ማን እንደለካ፣ ስንት ጊዜ እንደተለካና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ መኖር አለበት። «መሣሪያው አሳይቷል» ብቻ ተብሎ ቁጥሩ ከሌለ ያ ትልቅ ክፍተት ነው።

የደም ምርመራ። ከሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ቢሆንም ክንዱ ሲወጋ በአልኮል ተጠርጎ እንደሆነ፣ ጠርሙሱ ታሽጎ ስምና ሰዓት እንደተጻፈበት፣ ከሆስፒታል እስከ ላቦራቶሪ እነማን እንደያዙት፣ ሙቀት ውስጥ እንዳልቆየ ይጠየቃል። ማቆያ መድኃኒት የሌለውና ሙቀት ላይ የዋለ ደም ውስጥ ተሐዋስያን ራሳቸው አልኮል ሊፈጥሩ ይችላሉ።

ሰዓቱ። ሰውነት አልኮልን በአማካይ በሰዓት 15 ሚሊ ግራም ያህል (በ100 ሚሊ ሊትር ደም) ያስወግዳል። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተወሰደ ናሙና ሲነዱ የነበረውን ልክ በቀጥታ አያሳይም። ይህ ግን በሁለቱም በኩል የሚቆርጥ ቢላ ነው። ዐቃቤ ሕግም «ከሦስት ሰዓት በፊት ከዚህ በላይ ነበር» ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ከግጭቱ በኋላ ደንግጦ የጠጣ ሰው ካለ ቁጥሩ የሚያሳየው ያንን ነው። ስለዚህ የግጭቱ ሰዓትና የምርመራው ሰዓት ሁለቱም መጻፋቸው የግድ ነው።

መንዳቱ ራሱ። ቆሞ በነበረ መኪና ውስጥ የተኛን ሰው ማን ሲነዳ አየው? ይህ ካልተመለሰ የቀረው ሁሉ ይናጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ይደረግ?

እ.ኤ.አ. በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ተከሳሽ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ነው ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ የተያዘ ሰው ጠበቃውንና ቤተሰቡን የማግኘት፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። በማስገደድ የተገኘ ቃልም ዋጋ የለውም። ስለዚህ፦

1. በትሕትና ተናገሩ፣ አትሳደቡ፣ አትሽሹ። ጭቅጭቅ ራሱ «ሰክሮ ነበር» ለሚለው ቃል ማጠናከሪያ ይሆናል።
2. አስተርጓሚ ጠይቁ። በሶማልኛ «ቱርጁባን» ይባላል። ይህችን ቃል ልጆቻችሁም ይወቋት።
3. ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። «እስኪተረጎምልኝ አልፈርምም» ማለት ወንጀል አይደለም።
4. «አልሰከርኩም» ካላችሁ ወዲያው ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ። ከሁለት ቀን በኋላ የሚደረግ ምርመራ ምንም አያሳይም። ሕመም ካለባችሁ የሕክምና ካርዳችሁን ቤተሰብ ያምጣ።
5. አብሯችሁ የነበረ፣ የጫናችሁት ሰው፣ ሻይ የጠጣችሁበት ቤት ባለቤት ማን እንደሆነ ያኔውኑ ይጻፍ። ሰው ይረሳል፣ ስደተኛ ደግሞ ቦታ ይለቃል።
6. ጉቦ አትስጡ። ገንዘብ ሰጥቶ መውጣት ሌላ ክስ ይወልዳል።

ስልክ ያለው ሰው ለስደተኞች ኮሚሽን የጥበቃ ክፍል ይደውል። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒክም አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ የኖረ ነው። ጠበቃ በሶማልኛ «ቀሬን» ይባላል።

ችሎት ላይ

ትልቁ ስሕተት «አጥፍቻለሁ» ብሎ ነገሩን ቶሎ ለመገላገል መሞከር ነው። ብዙ ሰው «ቅጣቱ ይቀልልኛል» ብሎ ያምናል። በኢትዮጵያ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 እንደሚለው ራሱ አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። በጥፋተኝነቱ ላይ በሩ ተዘግቷል። የትም አገር ብትሆኑ ከማመናችሁ በፊት «ካመንኩ ምን ይቀርብኛል?» ብላችሁ ጠበቃ ጠይቁ።

ያላመነ ሰው የዐቃቤ ሕግ ምስክሮችን ይጠይቃል። ጥያቄው አጭር ይሁን፦ «ስንት ሰዓት ነበር? መብራት ነበር? በምን ለካችሁኝ? ቁጥሩ ስንት ነው? ወረቀቱ የታለ? በምን ቋንቋ ጠየቃችሁኝ?» መልሱ «አልለካንም» ከሆነ ይኸው መልስ መዝገብ ላይ ገባ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ሥነ ሥርዓት አንቀጽ 141 መሠረት የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ክሱን የማያስረዳ ከሆነ ተከሳሹ መከላከያ እንኳ ሳይጠየቅ በነፃ ይሰናበታል።

ይግባኝ፦ ቀኑና አጻጻፉ

ይግባኝ በሶማልኛ «ረፍዓን» ይባላል። በሶማሊላንድ የፍርድ ቤቶቹ መሰላል ከወረዳና ከክልል ፍርድ ቤቶች ተነስቶ በክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኩል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የይግባኝ ቀን አጭር ነው። ፍርዱ ሲነበብ እዚያው «እስከ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የፍርዱን ግልባጭም በዚያው ቀን አመልክቱ።

በኢትዮጵያው ሥነ ሥርዓት አንቀጽ 187 ይግባኝ የሚል ሰው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ ግልባጩ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ማቅረብ አለበት። ሀገር ቤት የታሰረ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩት። ሌላም ነገር አለ፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ነው። «ምስክሩ አይታመንም» የሚል ክርክር ቦታው ይግባኝ ላይ ነው፣ ለሰበር አይቀመጥም።

ማመልከቻው ላይ ልቅሶ አይበዛ። «ስደተኛ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ» የሚለው ለቅጣት ማቅለያ ይሆናል፣ ማስረጃ ግን አያፈርስም። በቁጥር በቁጥር ጻፉ፦ ፍርዱ በየትኛው ማስረጃ ላይ ቆመ? ያ ማስረጃ ምን ይጎድለዋል? ጉድለቱ በመዝገቡ የትኛው ገጽ ላይ ይታያል? ምን እንዲወሰን ትጠይቃላችሁ?

በጥፋተኝነትና በቅጣት ላይ የሚቀርብ ይግባኝ ልዩነቱን ለመረዳት ሁላችንም የምናውቀውን የድምፃዊ ቴዲ አፍሮን መዝገብ አስታውሱ። ክሱ የመጠጥ ሳይሆን ሰው ገጭቶ አምልጧል የሚል ነበር። በ2001 ዓ.ም. 6 ዓመት ተፈረደበት፣ በዚያው ዓመት በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ወረደለት። ቅጣቱ ቀነሰ፣ ጥፋተኛ የሚለው ግን አልተነሳም። ለስደተኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የሪሴትልመንት ቃለ መጠይቅ ላይ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የተቀነሰ ቅጣትም ፍርድ ነው። ጥያቄው ሲመጣ አትደብቁ፣ የውሳኔውን ወረቀት ይዛችሁ እውነቱን ተናገሩ። ከፍርዱ ይልቅ ውሸቱ ፋይል ያበላሻል።

በመጨረሻ

ይህ ጽሑፍ ጠጥቶ ለሚነዳ ሰው ማምለጫ እንዲሆን አልተጻፈም። መንገድ ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ የጠጣ ሰው ቁልፉን ለሌላ ይስጥ። ያልሰከረ ሰው ግን ቋንቋ ስላልቻለ ብቻ ሰካራም ተብሎ መጻፍ የለበትም። አንድ ወረቀት ላይ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ሐኪም እፈልጋለሁ፣ ያልገባኝን አልፈርምም» የሚለውን በሶማልኛ አስጽፋችሁ ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር ያዙት። ያቺ ወረቀት በዚያች ሌሊት ለመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ትሆናለች።