ጨረቃ ብርሃን ናት እንጂ አምላክ አይደለችም

በድሬዳዋ የሚገኘው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ «ለምን?» ብሎ መልሱን ከጨረቃና ከኮከብ የሚፈልግ አይጠፋም። እስቲ ጨረቃ በሰዎች እምነት የያዘችውን ስፍራና የእግዚአብሔር ቃል የሚለውን እንመልከት።

በአፈ ታሪክ

አብርሃም የወጣባት ዑርና የተቀመጠባት ካራን፣ ሲን የተባለው የጨረቃ አምላክ የሚመለክባቸው ከተሞች ነበሩ። ግሪኮችም ጨረቃን ሴሌኔ ብለው አምልከዋል። በአገራችን በየሐ የሚገኘው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ለአልመቃህ የተሠራ ነው። ብዙ ሊቃውንት አልመቃህን የጨረቃ አምላክ ይሉታል፤ የፀሐይ ነው የሚሉም አሉ። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞችም የግማሽ ጨረቃ ምልክት ነበረባቸው። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን በስፍራው መስቀል ገባ።

በኮከብ ቆጠራ

የምዕራቡ ዓለም ኮከብ ቆጣሪዎች ጨረቃ የሰውን ስሜት ትገዛለች፣ ሸርጣን የተባለው ኮከብም በእርስዋ ሥር ነው ይላሉ። በእኛ አገር «ዐውደ ነገሥት» የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ለውጦ፣ በ12 ገድፎ ኮከቡን ያወጣል። ከዚያም ስለ ትዳሩ፣ ስለ ሕመሙና ስለ ሀብቱ ይነግረዋል።

የእግዚአብሔር ቃል ምን ይላል?

ዘፍጥረት 1፥14-18 እንደሚያስተምረን ጨረቃ በአራተኛው ቀን የተፈጠረች፣ ዘመን የሚቈጠርባት ብርሃን ናት። ዘዳግም 4፥19 ለእርስዋ መስገድን ይከለክላል። ንጉሥ ኢዮስያስም ለጨረቃ የሚያጥኑትን ካህናት አስወግዷል (2ኛ ነገሥት 23፥5)።

ልዩነቱን እናስተውል። ጨረቃ ከሙላት እስከ ሙላት 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወራቸውን በእርስዋ ይቈጥራሉ፤ የትንሣኤ በዓልም ቀን ሲሰላ ጨረቃ ትታያለች። በጨረቃ ዘመን መቍጠር ኃጢአት አይደለም፤ ዕድልን ከእርስዋ መጠየቅ ግን የፈጣሪን ስፍራ ለፍጡር መስጠት ነው።

ስለዚህ ወገኔ ሆይ፣ ልጁን ጎርፍ የወሰደበትን ሰው «ኮከቡ ነው» ብለህ አታጽናናው። ይህ ቃል ሐዘኑን አያቀልለትም፤ ተስፋውንም ይወስድበታል። አብረኸው አልቅስ፣ የጎደለውን አሟላለት፣ ደመና ሲከብድም ከወንዙ ዳር እንዲርቅ ንገረው። በመዝሙር 121 የተጻፈው ጠባቂ በቀንም በሌሊትም አያንቀላፋም።