የጋያው ጥቀርሻ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ ለሚሄድ መንገደኛ ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በግራና በቀኝ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ባደገው ቡና መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል። በለቀማ ወራት በየደጁ የተሰጣው ቡና ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። እኔ ወደዚያች ከተማ የሄድሁት ግን ለቡና ጉዳይ አልነበረም። አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ አንድ ወጣት «የጥንት ጋያ አግኝቻለሁና መጥተው ይዩልኝ» ብሎ ስለ ላከብኝ ነው።

ወጣቱ ዕቃውን ከጨርቅ ፈትቶ በእጄ ላይ አኖረው። የጋያ ራስ ነበር፤ ከሸክላ የተሠራ፥ ከቡና ሲኒ እምብዛም የማይበልጥ፥ በከንፈሩ ዙሪያ በእንጨት ጫፍ የተጫረ ጌጥ ያለበት። ነገር ግን ውስጡም ውጭውም እንደ አዲስ ገንቦ ቀልቶ ያብረቀርቅ ነበር።

«ምን አደረግኸው?» አልሁት።

«በአመድና በአሸዋ ፈተግሁት፤ ሁለት ጊዜም በፈላ ውኃ ቀቀልሁት፤ በመጨረሻ ቅባት ቀባሁት። ጋሼ፥ የስንት ዘመን ጥቀርሻ ነበረበት መሰለዎት! አሁን ዋጋው እጥፍ ሆኗል» አለኝ በደስታ።

አያቱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና ይቆሉ ነበር። ዕቃውን ተቀብለው አገላበጡት፤ ወደ አፍንጫቸውም አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ የተናገሩት ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ የሚል ነው፦ «የአባቴ ነበር፤ አሁን ግን የማን እንደ ሆነ አላውቀውም።»

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ የእናታችን ቃል ነው።

ጋያ ምን እንደ ሆነ የዛሬው ተማሪ ላያውቅ ይችላልና ጥቂት ላብራራ። ጋያ በውኃ አማካይነት ትንባሆ የሚጨስበት ዕቃ ነው። ሆዱ ቅል ነው፤ በውስጡ እስከ ግማሽ ድረስ ውኃ ይጨመርበታል። ከቅሉ ላይ አንድ የሸምበቆ ወይም የቀርከሃ አገዳ ቀጥ ብሎ ይተከላል፤ የታችኛው ጫፉ በውኃው ውስጥ ይጠልቃል፤ በላይኛው ጫፉ ላይ የሸክላው ራስ ይቀመጣል። ትንባሆው በራሱ ውስጥ ይደረግና ፍም ይጫንበታል። አጫሹ ከቅሉ አንገት ወይም ከሌላ አገዳ አየሩን ሲስብ ጢሱ በአገዳው ወርዶ፥ በውኃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ አልፎ፥ ቀዝቅዞ ወደ አፉ ይደርሳል። መገጣጠሚያው አየር እንዳያሾልክ በሰም ይደፈናል። እንግዲህ ከሸክላ ሠሪዋና ከንብ አርቢው እስከ ጓሮው ቅል ድረስ የስንት ሰው ድካም በአንድ ዕቃ ላይ እንደ ተሰበሰበ አንባቢ ልብ ይበል።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ አገሮች፥ በሊሙ፥ በጎማ፥ በጌራ፥ ጋያ ከቡና ጋራ የሚቀርብ የእንግዳ መቀበያ ሆኖ ኖሯል። አንዱን ጋያ ብዙ ሰው በየተራ እየተቀባበለ ይስብበት ነበር፤ በብዙ ስፍራም ሴቶች ከወንዶች እኩል ያጨሱበት ነበር። ትንባሆውን አብዛኛው ሰው በጓሮው ያበቅለው ነበርና ዕቃውም ሆነ ቅጠሉ ከመንደር ውጭ የሚፈለግ ነገር አልነበረም።

ስለ ቅሉ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም፤ ሰብሳቢዎች እጅግ የሚሳሳቱት በዚህ ነውና። ቅል ይሰነጠቃል። ባለቤቶቹ ግን ቅል ስለ ተሰነጠቀ ወዲያው አይጥሉትም፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳ በስተው በቃጫ ወይም በጅማት ይሰፉታል፤ በስፌቱም ላይ ሰም ያቀልጡበታል። ደጋግሞ የተሰፋ ቅል የባለቤቱን ዕድሜና ቁጠባ የሚናገር መዝገብ ማለት ነው። ነገር ግን ሰብሳቢው «የተበላሸ ነው» ብሎ ቅሉን ይጥልና ራሱን ብቻ ይወስዳል፤ ወይም ከገበያ አዲስ ቅል ገዝቶ በአሮጌው አገዳ ላይ ይገጥምና «ሙሉ ጋያ» ብሎ ይሸጠዋል። ባለቤቱ ቅሉን ቢለውጥ የኑሮ ሥርዐት ነው፤ ሻጩ ሲለውጠው ግን ታሪክ መሰረዝ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ቢመስልም እኔ ትልቅ ሆኖ ይታየኛል።

ጋያ ለምን እንደ ጠፋ ማወቅ አያስቸግርም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቤተ ክርስቲያን ትንባሆን ስትነቅፍ ኖራለች፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አጫሹን ከንፈሩን፥ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ተብሎ ይነገራል። በደቡብ ምዕራቡ ግን ጋያን ያዳከመው ከቅጣት ይልቅ ሲጋራ ነው። የመንግሥቱ የትንባሆ ሞኖፖል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ከተቋቋመ ወዲህ (ከዚህ በታችም ካልተናገርሁ በቀር ዓመታቱን የምሰጠው በዚሁ አቆጣጠር ነው) በወረቀት የተጠቀለለ ትንባሆ በየሱቁ ተገኘ፤ ወጣቱም በኪስ የሚያዘውን መረጠ። በኋላም ትንባሆ በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ታወቀ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች ማጨስን ከልክሏል፤ የተገባ ሕግ ነው። እኔም ዕቃው ይጠበቅ ስል ጢሱ ይመለስ ማለቴ እንዳልሆነ ተማሪዎች ይረዱልኝ። ጦርን በቤተ መዘክር የሚያኖር ሰው ጦርነት ናፈቀኝ ማለቱ አይደለም።

አሁን ወደ ጥቀርሻው ልመለስ።

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ በቀድሞው በጌምድር፥ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ስፍራ አለ፤ ስሙ ቢመሳሰልም በላስታ ካለችው የታወቀች ከተማ የተለየ ነው። ዶምብሮቭስኪ የተባሉ የአርኪዮሎጂ ሊቅ በዚያ ዋሻ ቆፍረው ካገኟቸው ነገሮች መካከል የውኃ ጋያ የሸክላ ራሶች ነበሩ። ዘመናቸው በ1320 ገደማ የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። ይህ ቍጥር አንባቢን ሊያስደነግጠው ይገባል። ትንባሆ የአሜሪካ ተክል ነውና ኮሎምቦስ በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ወደ አፍሪካ የመጣበት መንገድ የለም። ታዲያ በእነዚህ ራሶች ውስጥ ምን ይጨስ ነበር?

መልሱን የሰጠው ጥቀርሻው ነው። ቫን ደር ሜርቨ የተባሉ ሊቅ በሸክላው ላይ ተጣብቆ የቀረውን ቅሪት በኬሚስትሪ መርምረው የካናቢስ፥ ይኸውም በተለምዶ ሐሺሽ የሚባለው ተክል፥ ምልክት እንዳገኙበት በ1975 አሳተሙ። በዚህም ምክንያት የውኃ ጋያ በአገራችን ከትንባሆ የሚቀድም ዕቃ መሆኑ ታወቀ፤ ትንባሆ እንግዳ ሆኖ መጥቶ በተዘጋጀለት ቤት ገባ ማለት ነው። በአፍሪካ የማጨስ ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ እነዚህን ራሶች ይጠቅሳሉ።

እነዚያን ራሶች መጀመሪያ ያገኛቸው ያ የአጋሮ ወጣት ቢሆን ኖሮስ? በአመድና በአሸዋ ፈትጎ፥ በፈላ ውኃ ቀቅሎ፥ ቅባት ቀብቶ ያወጣቸው ነበር። መልካም ሸክላ ሆነው ይቀሩ ነበር፤ የሚናገሩት ግን አንድም ነገር አይኖራቸውም ነበር።

ወጣቱን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ይህ ስሕተት በሌላው ዓለምም የታወቀ ነውና። በአውሮፓ ሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ የከበረው የጥንት ፒፓ ጀርመኖች «ሜርሻውም» ከሚሉት ነጭ ማዕድን የተቀረጸው ነው፤ ትርጓሜውም የባሕር አረፋ ማለት ነው። ሊቃውንት ሴፒዮላይት ይሉታል። ዋነኛ መገኛው በቱርክ አገር በኤስኪሼሂር አውራጃ ነው፤ በጎረቤታችን በኬንያና በታንዛኒያ ድንበር ባለው በአምቦሴሊ ሜዳም ይገኛል። ሲደርቅ በውኃ ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ ቀላል ነው፤ ሲረጥብ ግን በቢላዋ ለመቈረጥ ይለሰልሳል። ቀራጮቹ ፈረስ፥ አንበሳ፥ የንጉሥ ራስ አድርገው ይቀርጹትና በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነክሩታል። አዲሱ ፒፓ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ዓመታት ሲጨስበት ትንባሆው ከሰሙ ጋራ እየሰረጸ መጀመሪያ ማር፥ በኋላም የበሰለ ቡና ይመስላል። ሰብሳቢው ዋጋ የሚከፍለው ለዚህ ቀለም ነው። ልምድ የሌለው ሰው ግን «ቆሽሿል» ብሎ በውኃ ይነክረዋል፤ ያን ጊዜ ማዕድኑ ይለሰልሳል፥ የቅርጹም ጠርዝ ይደመሰሳል፥ ስድሳ ዓመት የተጠራቀመው ቀለም በአንድ ቀን ይዥጐረጐራል። ስለዚህ አዋቂ ጠጋኝ ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይይዛል እንጂ ውኃ አያቀርብም።

የዚህ ፒፓ ቅርጻ ቅርጽ በ19ኛው መቶ ዓመት እጅግ ከበለጸገባቸው ከተሞች አንዷ ቪየና ነበረች። ከዚያችው ከቪየና ፍሪድሪኽ ቢበር የሚባል ሰው በ1905 ወደ ካፋ መጣ። የካፋ መንግሥት ከወደቀ ገና 8 ዓመቱ ነበር። ቢበር የሕዝቡን ቃላት፥ ልማድና የቤት ዕቃ አንድ በአንድ መዝግቦ በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳተመ፤ የሰበሰባቸውም ዕቃዎች በቪየና ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ዕቃዎቻችን ከአገር መውጣታቸው ያስቆጨኛል፤ ይህን አልሸሽግም። ነገር ግን የዚያን ሰው ትጋት ሳላደንቅ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ፤ ዕቃውን ሲወስድ ስሙንና አገልግሎቱን አብሮ ጽፏልና። በከተሞቻችን ሱቆች የተደረደሩት ያማሩ ጋያዎች ግን ከአጋሮ ይሁኑ ከአርሲ፥ የወንድ ይሁኑ የሴት፥ የሚያውቅ ሻጭ አላገኘሁም።

ታዲያ አሮጌ ጋያ በእጁ የገባ ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት አይጠበው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፍ፤ የራሱን ውስጥ ፈጽሞ አይንካ። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ እርጥብ አገር ናትና ቅሉ እንዳይሻግት አየር በሚያገኘው ደረቅ ስፍራ፥ ከግድግዳ አርቆ ያኑረው፤ ነቀዝም እንዳይገባበት በየጊዜው ይመልከት። ዘይትና ቫርኒሽ ለዓይን ያምራሉ፤ አቧራ ግን ይይዛሉ፥ መርማሪንም ያሳስታሉ። ሸክላው ተሰብሮ እንደ ሆነ ስብርባሪውን ሁሉ ለቅሞ በወረቀት ይጠቅልለው፤ ሱቅ በሚሸጠው ኃይለኛ ማጣበቂያ አይለጥፈው። የቤተ መዘክር ጠጋኞች በአሴቶን ተመልሶ የሚሟሟ ሙጫ የሚመርጡት የዛሬ ስሕተት ነገ እንዲታረም ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ከመደረጉ በፊት የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ከዚህ ሁሉ ጋራ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያስፈልጋል፦ ዕቃው የተገኘበት ቀበሌ፥ የባለቤቱ ስም፥ ምን ይጨስበት እንደ ነበር፥ ማን እንደ ሠራው።

መምህራን በዚህ ሊረዱ ይችላሉ። በጅማ ከተማ ከአባ ጅፋር ቤት የተገኙ ዕቃዎች የሚታዩበት ቤተ መዘክር አለ፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 የገዙበት ቤተ መንግሥትም በጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል። ተማሪዎች እነዚህን ስፍራዎች ሲጎበኙ የንጉሡን ዕቃ አይተው ይደነቃሉ፤ የአያታቸው ጋያ በቆጥ ላይ እንዳለ ግን አይነግሯቸውም። የንጉሡን ዕቃ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። የድኻውን ጋያ ግን ልጁ ካልጠበቀው ማን ይጠብቀዋል?

በአጋሮ ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ፥ አሮጊቷን «እናቴ፥ የአባትዎ ጋያ ቅሉስ የት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ ልጅ ልጃቸው ተመለከቱ። ልጁም ወደ ጓዳ ገብቶ፥ በቆጡ ላይ ከሰንበሌጥ ጋራ ተጥሎ የነበረ የጠቆረ ቅል ይዞ መጣ፤ ሊሸጠው ስላልቻለ አልነካውም ነበር። በጎኑ ላይ አንድ ስንዝር የሚያህል ስንጥቅ በቃጫ ተሰፍቷል፤ ከስፌቱ ግማሹ ጥብቅና ቀጥ ያለ፥ ግማሹ ግን ሰፋፊና የተዛነፈ ነው።

«ይህኛውን እናቴ ሰፋችው» አሉ ጥብቁን በጣታቸው እየነኩ። «ይኸኛውን ደግሞ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ መርፌ መያዝ ስታስተምረኝ ነው።»

ወጣቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቅሉን ተመለከተ። ከዚያም ወረቀትና እርሳስ ጠየቀኝ፤ አያቱም የእናታቸውን ስም ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነገሩት፤ እርሱም ጻፈ።